«90 በመቶ ስኬት» ሲሏችሁ የምኑ እንደሆነ ጠይቁ

እህቶች፣ የዘር እንቁላላችሁን አስቀዝቅዛችሁ ለማስቀመጥ ያሰባችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ክፍያ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ። ማስቀመጡን አልቃወምም። ለአንዳንዷ በጣም ይጠቅማል። የሚያናድደኝ አሻሻጡ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ባዘጋጀው ማብራሪያ ላይ ተገኝቼ ነበር። ስክሪኑ ላይ በትልቁ «90 በመቶ ስኬት» ይላል። የምኑ ስኬት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ዞር ዞር ካሉ በኋላ መልሱ መጣ፦ ከቅዝቃዜው ሲወጣ ሳይሞት የሚተርፈው እንቁላል ነው። የልጅ ቁጥር አይደለም!

የተረፈ እንቁላል ገና መንገድ ጀማሪ ነው። ከወንድ ዘር ጋር መዋሃድ አለበት። ከዚያ ላብራቶሪ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ማደግ፣ ማህፀን ላይ መጣበቅ፣ ሳይጨናገፍ ዘጠኝ ወር መድረስ አለ። በየደረጃው የሚቀር ይቀራል።

የልጁን ቁጥር ከፈለጋችሁ በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። እንቁላላቸውን አስቀምጠው ኋላ ሊጠቀሙበት የተመለሱ 543 ሴቶችን ተከታትሏል። ሲያስቀምጡ አማካይ ዕድሜያቸው 38 ገደማ ነበር። ልጅ ያገኙት 39 በመቶ ናቸው። ከ38 ዓመት በፊት አስቀምጠው 20 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ያስቀለጡት ግን 70 በመቶ ደርሰዋል። ልዩነቱን ያመጡት ዕድሜና ብዛት ናቸው።

«አንድ ዙር (በሆርሞን መርፌ አብስሎ አንድ ጊዜ እንቁላል ማውጣት) ይበቃል» የሚለውን ፓኬጅም ከዚህ አንጻር እዩት። በ2017 የታተመ አንድ ስሌት እንደሚያሳየው፣ ቢያንስ አንድ ልጅ የማግኘት ዕድል 75 በመቶ እንዲሆን በ34 ዓመት 10፣ በ37 ዓመት 20፣ በ42 ዓመት ደግሞ 61 የበሰሉ እንቁላሎች ያስፈልጋሉ። 61! ይህን በአንድ ዙር የምታገኝ የ42 ዓመት ሴት የለችም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ዙር ማለት ሌላ የሆርሞን መርፌ፣ ሌላ ማደንዘዣ፣ ሌላ ደረሰኝ ነው።

ነፃ የኤኤምኤች የደም ምርመራ ከጋበዟችሁም ተጠንቀቁ። ምርመራው ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ ይጠቁማል እንጂ ጥራቱን አይነግርም። ከ30 እስከ 44 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ጥናት፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለባቸው በተፈጥሮ መንገድ የማርገዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እንዳላነሰ አሳይቷል። «ቁጥርሽ ወርዷል፣ ዛሬውኑ ጀምሪ» ማለት ማስፈራሪያ ነው።

አሁን ወደ ውሉ። በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ እንቁላሉን አውጥቶ ማቀዝቀዝን ብቻ ይሸፍናል። መድኃኒቱ ለብቻ ነው። በየዓመቱ የማቆያ ኪራይ አለ። የማቅለጡ፣ የማዋሃዱና ማህፀን ውስጥ የማስገባቱ ሂሳብ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፣ በዚያን ጊዜው ዋጋ። ኪራዩን ሳልከፍል ብቀር እንቁላሉ ምን ይሆናል? ክሊኒኩ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋስ? ማስቀመጫው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? የመጨረሻው የማይሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2018 (እንደ ፈረንጆቹ) አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የአንድ የመካንነት ሕክምና ማዕከል ማስቀመጫ ተበላሽቶ ከ4,000 በላይ እንቁላሎችና ፅንሶች ጠፍተዋል። በዚያው ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥም ሌላ ማስቀመጫ ተበላሽቷል።

አንድ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቁ ከሆነ ይህን ጠይቁ፦ «እዚሁ እናንተ ጋ በእኔ ዕድሜ እንቁላሏን አስቀምጣ፣ ተመልሳ ተጠቅማበት ልጅ የወለደች ስንት ሴት አለች? ሞክራ ያልሆነላትስ?» ከሚያስቀምጡት አብዛኞቹ ተመልሰው ስለማይጠቀሙበት፣ ብዙ ክሊኒክ የራሱ በቂ ቁጥር የለውም። ከሌለው የለኝም ይበል፣ አያሳፍርም። የሌላ አገር ቁጥር እንደ ራሱ አድርጎ ካቀረበ ግን ቦርሳችሁን አንሱ።

ውሉንም ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። «ዛሬ ካልፈረምሽ ቅናሹ ይቀራል» ካሏችሁ፣ ይቅር።