አጭር ዱላ እና የቦሌ ቀጭን አየር፦ ጆይስቲኬን ለወራት ከተጠቀምሁበት በኋላ

ለምስለ በረራ፣ ማለትም አውሮፕላን ማብረርን በኮምፒውተር ለሚያስመስል ፕሮግራም፣ ጆይስቲክ የሚባለውን የእጅ መሪ ዱላ ገዝተው «አውሮፕላኑ እጄ ላይ አይረጋም፣ ገና ሲነኩት ይደነብራል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህን ግምገማ ለመጻፍ ወራት የጠበቅሁትም ለዚሁ ነው፤ ድንበራው ከፕሮግራሙ ይምጣ፣ ከመሣሪያው ይምጣ ወይስ ከቅንብሩ ለይቶ ማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። መልሱን አስቀድሜ ልናገር። አብዛኛው ጣጣ ከዱላው ማጠር የሚመጣ ነው። መድኃኒት ተብሎ የሚታዘዘው የቅንብር ማለስለሻ ደግሞ ችግሩን ከሰማይ አንሥቶ ማረፊያው ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ አያጠፋውም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የመሳሰለውን እጠግናለሁ። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ጋቢ ደርቤ ከኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ፤ የከተማችንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ጋቢው ለጌጥ እንዳልሆነ ይገባዋል። ጆይስቲኩን ያመጣልኝ ዱባይ የሚመላለስ ወዳጄ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ እጀታው ሲጠመዘዝ የጭራውን መሪ ማለትም ረደሩን የሚያዝ፣ ከሥሩ ትንሽ የነዳጅ መስጫ ያለው ተራ ዕቃ ነው። የሠሪውን ስም አልጠራም፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሲከፈቱ ብዙም አይለያዩም።

ፕሮግራሙ ኤክስ-ፕሌን 12 ነው። የማይክሮሶፍቱ ለዓይን የበለጠ ያማረ ቢሆንም የምድሩን ምስል እየበረሩ ከኢንተርኔት ስለሚስብ ከእኔ መስመር ጋር አይስማማም። ኤክስ-ፕሌን ላይ የደብረ ብርሃን ሕንፃዎች ከእውነተኛዋ ከተማ ጋር አይተዋወቁም፤ የተራራውና የገደሉ ቅርጽ ግን በቦታው ነው። ለእኔ እሱ ይበቃል፤ የምፈልገው የአውሮፕላኑን ጠባይ ነውና። በዚያ በኩል ፕሮግራሙ የሚመሰገንበት ምክንያት አለው፤ ክንፉንና ጭራውን በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አየሩ ምን ያህል እንደሚገፋ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያሰላል። አንደኛው ክንፍ ቀድሞ ማንሳት ሲያቅተው አውሮፕላኑ ወደዚያው ጎን የሚንጋደደው ከዚህ ስሌት የተነሣ ነው።

ታዲያ ለምን ይደነብራል? ሴስና 172 በምትባለው ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ላይ አብራሪው የሚይዘው መሪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ ረጅም መንገድ አለው። የእኔ ጆይስቲክ ጫፍ ከመሐል ወደ አንድ ወገን የሚሄደው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም የሚያዙት ያንኑ አግዳሚ ጭራ፣ ከዳር እስከ ዳር ነው። ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሜትር የእጄ መንቀሳቀስ የማዘው በእውነተኛው መሪ ከሚታዘዘው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ልዩነት ክብደቱ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ መሪውን የሚያከብደው አየሩ ራሱ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በፍጥነት ሲበሩ መሪው ይጠነክራል፣ ሲዘገዩ ይላላል፣ ሊወድቁ ሲሉ ደግሞ ባዶ ይሆናል። የጆይስቲኩ ስፕሪንግ ይህን ሁሉ አያውቅም። በ50 ኖትም በ120 ኖትም (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው፤ አንዱ በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ) ክብደቱ ያው ነው። አብራሪ ፍጥነቱን በመዳፉ ይሰማዋል፤ እኛ ግን ከመለኪያው ላይ ማንበብ አለብን።

ቅንብሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ዕቃ ዕጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የምላሽ መስመር ይሰጣል። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ዱላው ግማሽ ሲሄድ ጭራውም ግማሽ ይሄዳል። መሐሉን ካጎበጡት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ጥቂት፣ ዳር ሲደርሱ ብዙ ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ የሚመከረው ይህንን ማጉበጥ ነው፤ እውነትም በቀጥታ በረራ ላይ ያማረ ይመስላል፣ አፍንጫው ይረጋል፣ ከፍታው አይዋዥቅም።

ከዚያ ቦሌ ላይ ልታርፍ ትመጣለህ። ማኮብኮቢያው ከፊትህ እየሰፋ ነው፤ ፍጥነቱ ከ60 ኖት በታች ወርዷል፤ አየሩ ስለላላ ጭራው በቀላሉ አይታዘዝም፤ አፍንጫውን ለማንሣት ዱላውን ብዙ መሳብ ግድ ነው። ትስባለህ፣ ምንም የለም። ጨምረህ ትስባለህ፣ አሁንም የለም፤ ገና ለስላሳው ክፍል ላይ ነህና። አንድ ነጥብ ስታልፍ መስመሩ እንደ ገደል ይቆምና አፍንጫው በአንድ ጊዜ ሽቅብ ይላል፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ይንሳፈፋል፣ ፍጥነቱ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የማረፊያ እግሮቹ ይነግሩሃል። ብዙ ሰው ይህን የፕሮግራሙ ጉድለት አድርጎ ያወራል። መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያንኑ ማረፊያ ቢደግም ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል፤ እጁ በሳበው ልክ አፍንጫው ይነሣል።

ስለዚህ የአፍንጫውን መስመር ቀጥ ብሎ ጥቂት ብቻ የተለዘበ፣ የክንፉን ከዚያ በመጠኑ የለሰለሰ አድርጌ ትቼዋለሁ። የመረጋጊያ እገዛ የሚባሉትን ሁሉ ዜሮ አውርጄአለሁ። እነዚህ አውሮፕላኑ በራሱ ሲወዛወዝ ከእኔ ሳይጠይቁ መሪውን ወደ ተቃራኒው የሚያዝዙ ናቸው፤ ለልጆች ጨዋታ ደግ ናቸው፣ የአውሮፕላን ጠባይ ለመማር ለተነሣ ሰው ግን የሚማረውን ነገር ከፊቱ ይወስዱበታል። ባዶ ክልል ማለትም ዱላው መሐል ላይ ሲነቃነቅ የማይቆጠርበት ስፋት፣ ለአፍንጫና ለክንፍ በጣም ጠባብ፣ ለመጠምዘዣው ሰፋ ያለ ይሁን። መጠምዘዣው ላይ የምሰስተው የለኝም፤ ዱላውን ወደ ግራ ስገፋ አንጓዬ ሳላስበው ይጠመዘዝና ያላዘዝሁት ረደር ይገባል።

ስለ ትሪም፣ ማለትም የመሪውን ጫና ከእጅ ላይ ስለሚያነሣው ማስተካከያ፣ ለፋሲካ የመጣ የዘመድ ልጅ ብዙ ነገር አሳይቶኛል። አዲስ አበባ በሴስና 172 የሠለጠነ ወጣት ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጥቂት ከበረረ በኋላ እጁን ከዱላው አንሥቶ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር እጄን ወደ መሐል እንድመልስ ያስገድደኛል። እውነተኛው ላይ እኮ እጄ ካለበት አይነቃነቅም፤ ክብደቱ ብቻ ነው የሚጠፋልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን አፍንጫውን በሚፈልጉበት ቦታ በእጅ ጭነው ይይዙታል፤ ከዚያ የትሪሙን ጎማ እጅ ላይ ያለው ጫና እስኪጠፋ ያዞራሉ፤ መሪው በዚያው ቦታ ይቀራል። ስፕሪንግ ያለው ጆይስቲክ ግን ካልያዙት ሁልጊዜ መሐል ነው። ስለዚህ ትሪሙን እየጨመሩ በዚያው ልክ ዱላውን ቀስ ብለው ወደ መሐል መልቀቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ አፍንጫው ይዘላል ወይም ይሰምጣል። ይህን የትኛውም ቅንብር አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው በውስጡ ሞተር ያለውና ጫናን የሚመልስ መሪ ነው፤ የእሱን ዋጋ ግን አታንሡብኝ። የእኔ መፍትሔ ትሪሙን በአውራ ጣት በሚነካው ቁልፍ ላይ ማድረግና በአጭር በአጭሩ መንካት ነው። ልማዱ ሲመጣ ከእውነተኛው ጋር አንድ ባይሆንም ሥርዓቱ ይቀራረባል፦ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ኃይል፣ በመጨረሻ ትሪም።

ልጁ ያመሰገነውም አለ። ሙሉ ኃይል ሰጥቶ ሲነሣ አፍንጫው ወደ ግራ መሸሹንና ቀኝ ረደር መፈለጉን አይቶ «ይኼ ልክ ነው» አለ። የፕሮፔለሩ ዙር፣ ወደ ኋላ የሚጥለው የሚሽከረከር አየርና አፍንጫው ቀና ሲል በፕሮፔለሩ በሁለቱ ወገን ያለው የግፊት ልዩነት ተደማምረው የሚያመጡት ነው። ረደርን በአንጓ መጠምዘዝ ግን አሳቀው፤ እግር የሚሠራውን ሥራ እጅ ሲሠራው ማየት ለሠለጠነ ሰው ያስቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያረካኝ የከፍታው ነገር ነው፤ ደጋ ለሚኖር ሰው ይህ ፕሮግራም የሚያወራው ስለ አገሩ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በአብራሪዎች መለኪያ ከ7,600 ጫማ በላይ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን አየሩ በመደበኛው ሰንጠረዥ 10,000 ጫማ ላይ እንዳለው ያህል ይሳሳል። ሴስና 172 ኤስ ሙሉ ጭነት ይዛ በባሕር ጠለል በደቂቃ 730 ጫማ ትወጣለች፤ እዚህ ግን የምታገኘው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው። ለመነሣት የምትንደረደርበት ርቀትም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ፕሮግራሙ ላይ በሰዓት እየለካሁ ከአውሮፕላኗ መመሪያ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ልዩነቱ የሚያስከፋ አይደለም።

ለማረፍ ስትመጣ መለኪያው 65 ኖት እያለ አውሮፕላኗ በእውነቱ በ75 ኖት ገደማ እየተጓዘች ነው። ስለዚህ ማኮብኮቢያው ከተለመደው ፈጥኖ ይመጣብሃል፤ ዓይን ይሸበራል፣ እጅ ኃይል ይቀንሳል፣ አውሮፕላኗ ማንሳት ታቅታታለች። መለኪያውን ማመን ያስፈልጋል። የነዳጅና የአየር ድብልቁም እንዲሁ ነው። ድብልቁን ሳያሳስቱ፣ ማለትም ነዳጁን ሳይቀንሱ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ከቦሌ ሊነሡ ቢሞክሩ ሞተሩ በነዳጅ ታፍኖ ያንጎራጉራል እንጂ ኃይሉን አይሰጥም። የመመሪያው ቃል ከ3,000 ጫማ በላይ ከሚገኝ ሜዳ ሲነሡ የሞተሩ ዙር ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ድብልቁን አሳስቱ ነው። ከባሕር ዳርቻ አገር ሆኖ የሚጫወት ሰው ይህን ማንሻ ዓመት ሙሉ ላይነካው ይችላል፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ እንፈልገዋለን። በእኔ ጆይስቲክ ላይ ለእሱ የሚሆን ማንሻ የለም፤ በቁልፍ ሰሌዳው ነው የማደርገው፤ ከዕቃው ጉድለቶች አንዱ ብዬ የምቆጥረው ይህን ነው።

ከቦሌ ተነሥቼ በሰንዳፋና በአለልቱ አድርጌ ወደ ቤቴ ስመጣ መሬቱ አብሮኝ ይወጣል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከዚያም ይበልጣል። የሴስናዋ የመጨረሻ ከፍታ 14,000 ጫማ ስለሆነ ጣርማ በርን ስሻገር ከላይም ከታችም የቀረኝ ቦታ ጠባብ ነው። ከዚያ ምድሩ ይከዳል፤ ደብረ ሲና፣ ቀጥሎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት። በመውረዱ ጊዜ ድብልቁን መልሶ ማወፈር ካልታወሰ ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል። ይህን መንገድ በአውቶቡስ የሚያውቅ ሰው የዋሻውን ብርድና የቆላውን ሙቀት በጆሮው መደፈን ያስታውሰዋል፤ እዚህ የሚነግረው የሞተሩ ድምፅ ነው።

ስለ ዕቃው ጥንካሬ። ከጥቂት ወራት በኋላ መጠምዘዣው መሐል ላይ ሆኖ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳልነካው ረደሩ ግራ ቀኝ ይላል። ከፈትሁት። ውስጡ ያለው ሬዲዮ ጠጋኞች ቮልዩም የምንለው ተራ ክፍል ነው፤ የካርቦን መንገድና በላዩ የምትንሸራተት የብረት ምላስ። ምላሷ የምትውለው መሐሉ ላይ ስለሆነ ካርቦኑ እዚያው ቦታ ተፈግፍጎ ዱቄቱ ዳር ዳር ተከማችቶ ነበር። በኮንታክት ክሊነር አጥቤ ደጋግሜ ካዞርሁት በኋላ ተመለሰ፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ካርቦኑ ያውቃል። መካከለኛ ዋጋ ካላቸው ጆይስቲኮች መካከል በማግኔት የሚያነቡ አሉ፤ የሚነካካ ነገር ስለሌለባቸው እንዲህ አይበሉም። ገና ለሚገዛ ሰው ከአዝራር ብዛት ይልቅ ይህንን ጠይቅ እለዋለሁ። ዕቃው ቀላል ስለሆነም በጠንካራ ሲስቡት ከጠረጴዛው ይነሣል፤ ከጣውላ ጋር በቡሎን አስሬዋለሁ።

ኮምፒውተሩንም መርሳት አይገባም። የምስሉ ፍጥነት በሰከንድ ከ20 በታች ሲወርድ ኤክስ-ፕሌን ጊዜውን ራሱ ያዘገየዋል፤ እጅ ዛሬ ያዘዘው ነገ የሚደርስ ይመስላል። የደመናውንና የጥላውን ጥራት ቀንሶ ፍጥነቱን ማስጠበቅ ከማንኛውም የመሪ ቅንብር ይቀድማል። መብራት በመጨረሻው መዳረሻ ላይ ሲጠፋስ? ለእሱ ቅንብር የለውም።

አሁን ባለበት ሁኔታ ዕቃውን ለጀማሪ እመክራለሁ፤ ማረፍን በቁም ነገር ሊለማመድ ለሚፈልግ ግን ረደሩን በእግር የሚያዝ ፔዳል ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይቅደም። እኔ ደግሞ ቶርኖ ቤት የዱላ ማራዘሚያ አዝዣለሁ። ዱላው ሲረዝም የእጅ መንገዱ ይረዝማል፣ ማለስለሻውም ጨርሶ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ክንዱ በረዘመ ቁጥር ስፕሪንጉ በእጅ ላይ ይላላል፣ ስለዚህ ጠንከር ያለ ስፕሪንግ አብሮ መግባት አለበት። ዋስትናው ግን ዕቃውን በከፈትሁበት ቀን አብሮ ስለተከፈተ እሱ የሚያሳስበው ሰው ይህን የመጨረሻውን ምክር ይተወው።