ቦብ ዊልስ በ50 ብር
ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ካለች ጠባብ ሙዚቃ ቤት የአሜሪካዊውን ሙዚቀኛ የቦብ ዊልስን ዘፈኖች በፍላሽ አስጫንኩ። 50 ብር፤ አልተወደደም። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1905 ቴክሳስ የተወለደ፣ ቫዮሊንን ከአባቱ የወረሰ፣ ፀጉር አስተካካይም የነበረ ነው። የገጠሩን ቫዮሊን ከጃዝ ጋር አዋህዶ ስንቱን አስጨፈረ! ከሁሉ የምወድለት ዘፈኑ መሀል ‹‹አሃ!›› ሲል ነው። ልክ እንደኛ አዝማሪ።

ማታ ‹ሳን አንቶኒዮ ሮዝ› የሚለውን ዘፈኑን ስከፍት አባባ የማሲንቆአቸውን ጭራ እየወጠሩ ነበር። እጃቸው ቆመ። ‹‹እስኪ ድገመው›› አሉኝ።

ቅሬታዬ፣ ስድስት ዘፈን ሁለቴ ተጭኗል፤ ርዕስም የላቸውም። በማግስቱ ስመለስ ግን ልጁ ፊቱን ሳያጠቁር፣ ያለ ክፍያ አስተካከለልኝ። ቅዳሜ አባባም የራሳቸውን ፍላሽ ይዘው አብረውኝ ይሄዳሉ።