ከፍተህ ብትመልስ ስንት ይቆርጡሃል?

ላፕቶፕ ወይም ስልክ ለመግዛት ያሰበ ጓደኛዬ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «የት ይረክሳል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «ከፍተህ ብትመልስ ስንት ይቆርጡሃል?» አብዛኞቹ ግራ ይጋባሉ። ሳልቃጠል በፊት እኔም እንደዛው ነበርኩ።

ያቃጠለኝ ላፕቶፕ ነው። ሁለት ሻጮች አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘዋል፤ አንዱ በ3 በመቶ ይረክሳል። ርካሹ ጋ ሮጥኩ። ቤት ገብቼ ስሞክረው ኪቦርዱ አልመች አለኝ። የቀኙ ሺፍት ግማሽ ስለሆነ በጻፍኩ ቁጥር ቀስቷን እነካለሁ። በሦስተኛው ቀን መለስኩት። የሱቁ ልጅ ካርቶኑን አገላበጠ፣ የተቀደደውን ማሸጊያ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ደረሰኜን ገልብጦ አሳየኝ። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «የተከፈተ ዕቃ ሲመለስ 15 በመቶ ይቀነሳል» ይላል። ሪስቶኪንግ ፊ ይሉታል፤ ዕቃውን መልሶ ለሽያጭ ማዘጋጃ መሆኑ ነው። አልተጫረ፣ አልተበላሸ። የተቆረጠው ግን ተቆረጠ።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ውዱ ጋ 100፣ ርካሹ ጋ 97 በለው። ርካሹ ጋ ስትመልስ 14.55 ይቆረጥብሃል። አንድ ዕቃ ሲስማማህ የምታተርፈው ደግሞ 3 ብቻ ነው። አንዷን መመለስ ለማካካስ አምስት ዕቃ ሳትመልስ መግዛት አለብህ ማለት ነው። እኔ ኢርፎን ስገዛ ከሁለት አንዱን እመልሳለሁ፤ ጆሮዬ አመለኛ ነው። ስለዚህ ምርጫዬን አልደብቅም። ከፍቼ ብመልስ ምንም ለማይቆርጠኝ ሻጭ 3 በመቶ ጨምሬ እከፍላለሁ። እንደዚህ ዓይነት ሻጭ ደግሞ ሞልቷል። የአሜሪካው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቤስት ባይ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላፕቶፕ ላይ ይቆርጥ የነበረውን 15 በመቶ አንስቷል። አፕልም 10 በመቶውን በ2011 መጀመሪያ ትቶታል። ሕጉ ግን በየጊዜውና በየዕቃው ዓይነት ስለሚለያይ ከመክፈልህ በፊት የዚያን ዕለቱን አንብብ።

ሱቅ ሄዶ መግዛትና ኢንተርኔት ላይ ማዘዝስ? ብዙ ሰው ሱቅ ይሻላል ይላል፣ ዕቃውን በዓይኑ ስለሚያይ። መመለስ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃ እጅህ ከገባ ጀምሮ 14 ቀን አለህ። ምክንያት አትጠየቅም። ከፍተህ ማየትም መብትህ ነው። መቀነስ የሚችሉት ከመሞከር አልፈህ ስትገለገልበት ነው። የመላኪያው ወጪ አንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ እሱን ሂሳብ ውስጥ አስገባ። ሱቅ ገብተህ ለገዛኸው ግን ይህ የ14 ቀን መብት የለም፤ ጤነኛ ዕቃ ከሆነ የምትመልሰው በሱቁ ፈቃድ ነው። አሜሪካ ውስጥም ጤነኛ ዕቃ መልሰህ ውሰድ ብሎ ሱቅን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም።

የምሸሸው ሦስተኛውን ዓይነት ሻጭ ነው። ትልቅ የገበያ ድረ ገጽ ላይ ተጠልሎ የሚሸጠውን። ገጹ ያው ነው፣ ፎቶው ያው ነው። «ሻጭ» የምትለዋ ትንሽ መስመር ላይ ብቻ ሌላ ስም አለ። እንደዛ ሆኜ 1 ቴራባይት የተባለ ሚሞሪ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው እውነትም 1 ቴራባይት ይላል። ፎርጅዶቹ መጠናቸውን እንዲዋሹ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ፎቶ ስጭንበት 30 ጊጋባይት አካባቢ ላይ ሲደርስ ፋይሉ አልከፈት አለ። ከዚያ ወዲህ ሚሞሪ ስገዛ በመጀመሪያው ቀን ጢም አድርጌ ሞልቼ መልሼ አነባለሁ። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል። ያንን ፎርጅድ ልመልስ ስል ሻጩ «ተከፍቷል፣ እቆርጣለሁ» ብሎ ነበር። አልተስማማሁም። የመመለሻ ምክንያት ሲጠይቁህ «ሐሳቤን ቀየርኩ» እና «የተባለው ዕቃ አይደለም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ያስቆርጥሃል። ሁለተኛው የሻጩ ጥፋት ነው፤ የፈተናውን ውጤት ፎቶ አንስቼ ላክሁ፣ ሙሉ ገንዘቤ ተመለሰ። ጤነኛውን ዕቃ ግን ተበላሽቷል እንዳትል፤ ሰክተው ያዩታል።

የማይቆርጥ ሻጭም ቢሆን ሰበብ ካገኘ ይቆርጣል። ኬብሏን የምታስረው ሽቦ ሳትቀር ካርቶኑ ውስጥ መልሳት። ማሸጊያውን በምላጭ ቁረጠው እንጂ አትቦጭቀው። ስልክ ከሆነ አካውንትህን አውጣ። የተቆለፈ ስልክ ማንም አይቀበልህም።

ያ ላፕቶፕስ? ከሳምንት በኋላ ለቻርጀር እዚያው ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ያው እኔ የቦጨቅኩት ካርቶን፣ ጥጉ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። «የተከፈተ፣ 10 በመቶ ቅናሽ» ይላል። ከእኔ የወሰዱት 15 ነበር።