ፔጆ 3008፦ ናፍጣ ሃይብሪዱ ወይስ ተራው ናፍጣ?

በአውሮፓ ያገለገለ መኪና ገበያ ሁለቱን ከሩቅ መለየት ያስቸግራል። ናፍጣ ሃይብሪዱ (ስሙ ሃይብሪድ4) ከፊት ባለ 2 ሊትርና 163 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ሞተር፣ ከኋላ ደግሞ የኋላ እግሮቹን የሚነዳ 37 የፈረስ ጉልበት ኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ተራው ያው ናፍጣ ብቻ ነው፤ የዕቃ መጫኛውም ሰፋ ይላል፣ ባትሪ ወለሉን አልያዘበትምና።

ትልቁ ልዩነት ካምቢዮው ላይ ነው። የተራው 163 ለስላሳ አውቶማቲክ ነው። የሃይብሪዱ ግን ክላቹን ኮምፒውተር የሚረግጥለት ማንዋል ነው፤ ማርሽ ሲቀይር ትንፋሽ ይወስዳል። ሲፈትሹ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ ቀስ ብለው ያስነሱት። ከተንቀጠቀጠ ወይም የተቃጠለ ክላች ከሸተተ ዋጋው ይውረድ፣ አለዚያ ይተዉት።

የጥቀርሻ ማጣሪያው የሁለቱም ሕመም ነው፤ ሃይብሪዱ ላይ ግን ይብሳል። ከተማ ውስጥ ናፍጣው ደጋግሞ ስለሚጠፋ ጭሱ ማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ማቃጠሉ ተጀምሮ ሲቋረጥ ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። ስለዚህ የዘይት መለኪያውን ያውጡ፦ ከላይኛው ምልክት ካለፈና ናፍጣ ከሸተተ ዘይቱ ተበላሽቷል። መድኃኒቱ በየጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በአውራ ጎዳና ያለማቋረጥ መንዳት ነው። ጥቀርሻው እንዲቃጠል የሚያግዘው የማጣሪያው ፈሳሽም መቼ እንደተሞላ ይጠይቁ።

በወረቀት ሃይብሪዱ ለ100 ኪሎ ሜትር 3.8 ሊትር ይላል፤ ያንን አይጠብቁ። በረዶና ዳገት ያለበት ቦታ የሚኖር፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪውን የምርመራ ውጤት በእጁ ያገኘ ሰው ይግዛው። ሌላው ተራውን ይውሰድ። ከቤቱ እስከ ሥራ ቦታው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ ቤንዚን ይፈልግ።