የቻይና ሹመት ፈተና ሃንድአውት፦ ይዘቱ አሪፍ፣ ጥርዘቱ ግን...

ጎንደር ማራኪ ግቢ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዷ (ስሟን አልጠራም፣ ልጆቹ ምስኪኖች ናቸው) በ180 ብር የድሮ ቻይና ባለስልጣን እንዴት ይመረጥ እንደነበር የሚያወራ ሃንድአውት አስጠረዝኩ። መጀመሪያ ጥርዘቱን ልናገርና ይውጣልኝ። ስፓይራሉ በሁለተኛው ቀን ተፈታ፣ ከገፅ 22 ቀጥታ 27 ነው፣ መጨረሻው አካባቢ ቀለም አልቆባቸው ነው መሰል ፅሁፉ ጥላ ጥላ ነው የሚመስለው።

ይዘቱ ግን ምን ልበላችሁ። ቻይና ሹመት በፈተና ነው ሲባል ከጥንት ጀምሮ አንድ አይነት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ መስፈርቱ ስንቴ ተገለባብጧል። የሚንግ ስርወ መንግስት መስራች ንጉስ ዡ ዩዋንጃንግ፣ ያለፉት ልጆች አፍ እንጂ ስራ የላቸውም ብሎ በፈረንጆቹ 1373 ፈተናውን አቆመና ሰው በጥቆማ መሾም ጀመረ፣ እሱም አላረካውም መሰለኝ 1384 ላይ መለሰው። 1397 ደግሞ ያለፉት በሙሉ የደቡብ ሰዎች ሆኑ፣ ሰሜኖቹ ጮሁ፣ ወረቀቱ ድጋሚ ታይቶ ውጤቱ ልክ ነው ሲባል ንጉሱ ተናዶ ከአራሚዎቹ የተወሰኑትን አስገደለና በሁለተኛው ዙር ሰሜኖችን ብቻ አሳለፈ። ከዛስ ብዬ ገፁን ስገልጥ... 27። ማበድ ቀረኝ!

ጥሩው ነገር በነጋታው ስሄድ ሳይጨቃጨቁ የጎደለውን በነፃ አወጡልኝ። ለካ ኋላ ላይ ከመቶ 60 ለደቡብ 40 ለሰሜን ብለው ኮታ አደረጉት።

በጣም የገረመኝ ግን አራሚው የእጅ ፅሁፍ እንዳይለይ የተፈታኙን ወረቀት ፀሐፊዎች በቀይ ቀለም እንደገና ይገለብጡት ነበር። በሺ የሚቆጠር ወረቀት በብሩሽ! የኛዎቹ በማሽን አራት ገፅ ይዘላሉ።

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ባለ ስምንት እግር የሚባል፣ ስምንት ቋሚ ክፍል ያለው ድርሰት መጣ፣ ቅርፁ ከተበላሸ ሃሳብህ ምንም ቢሆን ወደቅክ። ለአጎቴ (መሪጌታ ናቸው) ስነግራቸው «መወድስም እኮ ስምንት ቤት ነው፣ ግን የሰው ቅኔ ይዞ የሚመጣ ያፍራል» አሉኝ። እዛ ግን ነጋዴ ያለፉ ሰዎችን ድርሰት እያሳተመ ይሸጥ ነበር፣ ተፈታኙም ይሸመድደዋል። ከሚንግ ቀጥሎ በመጣው በቺንግ ስርወ መንግስት ዘመን ጭራሽ ግምጃ ቤቱ ሲራቆት ማዕረግ በገንዘብ ይሸጥ ነበር፣ አራት ጊዜ የወደቀው ሆንግ ሺዩቻን ደግሞ በቺንግ ላይ የተነሳውን የታይፒንግን አመፅ መራ። ባለ ስምንት እግሩን 1901 ጣሉት፣ ፈተናው ራሱ 1905 ቀረ። ይሄን ክፍል ያነበብኩት በስልኬ መብራት ነው።

ለማንኛውም ሃንድአውቱን ግዙት፣ ግን ሂሳብ ሳትከፍሉ እዛው ቆማችሁ ገፅ ቁጠሩ። የጎደለውን ልወስድ ስሄድ ልጁ «የአምና የፍሬሽማን ፈተና ከነመልሱ አለን፣ 30 ብር» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ የቻይናው ነጋዴ ታወሰኝ። እህቴ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት፣ ገዛሁላት።