ተንቀሳቃሹ ወይስ የግድግዳው? ቤታችሁ መኪና ቻርጅ ለምታደርጉ

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። "መኪናዋ ልትገባልኝ ነው፤ ቻርጀሩን የቱን ልግዛ?" በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ያሰበ ወዳጅ ሁሉ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግም ጽፌ ላስቀምጠው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የራሳችሁ ቤትና የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁ፣ ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን ባለ 7 ኪሎዋት ግዙ። ተንቀሳቃሹን ለመንገድ ያዙት። ለምን እንዲህ እንደምል ከደረሰብኝ ልጀምር።

መኪናዬ እንደገባች "32 አምፔር" የተጻፈበት ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ16,500 ብር ገዛሁ። የግድግዳው 42,000 ነበር። ልዩነቱን ሳይ ዓይኔን ሳላሽ ከፈልኩ። ሻጩም "ያው ናቸው፤ ይሄኛውን እንደውም ይዘኸው ትዞራለህ" አለኝ። ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ስፒና ግን ከ16 አምፔር በላይ የማይችል ተራ የቤት ስፒና ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በአራተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ በስልክ መብራት ሳየው የሶኬቱ አንደኛው ቀዳዳ ዙሪያውን ቡኒ ሆኗል። ልነቅለው ብል ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል። ሮጬ ከቆጣሪው ላይ አጠፋሁት። ጠዋት ሶኬቱ ሲከፈት የ2.5 ሚሊ ሽቦው ልባስ ስንዝር ያህል ጠቁሮ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ከግድግዳው ማዶ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ነው። ዛሬም ሳስበው ልቤ ቀጥ ይላል።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። በ220 ቮልት 32 አምፔር ማለት 7 ኪሎዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ምጣድ አንድ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ተኛችሁ ማለት ነው። ምጣድ ደግሞ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ይጠፋል፤ መኪና ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይጎትታል። ተራ ሶኬት ለዚህ አልተሠራም።

አሁን ወደ ብሩ። ርካሹ ምርጫ ምን ያህል እንዳስወጣኝ ጽፌዋለሁ። ቻርጀሩ 16,500። ሦስት ጊዜ የተቀየረ ሶኬት፣ 650፣ 850 እና "ኦሪጂናል ነው" የተባለው 1,800፣ ድምሩ 3,300። ኤሌክትሪሺያን ሦስት ጊዜ በ1,500፣ 4,500። የተቃጠለውን መስመር ማስቀየሪያ 4,200። ጠቅላላ 28,500 ብር፤ ቻርጀሩም ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ። ከዚያ በኋላ የግድግዳውን አስገጠምኩ። ዕቃው 42,000፣ 6 ሚሊ ሽቦ 10,300፣ ብሬከሮቹ 6,500፣ የኧርዝ (ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) ሥራ 4,200፣ የእጅ ዋጋ 7,000፤ በድምሩ 70,000 ብር። ከገጠምኩት ወዲህ አንድ ብር አላስወጣኝም። በሚሊዮኖች ብር ለተገዛ መኪና 70,000 ብዙ አይደለም። መጀመሪያውኑ አድርጌው ቢሆን 28,500ው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሦስት ጊዜ የመጣው ኤሌክትሪሺያን የሠራውን ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ብዙ ቤት እየተሠራ ነው። ጥሩ ቻርጀር ኧርዝ ከሌለ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። የእኔም እምቢ አለ። ሰውየው ሶኬቱን ከፍቶ ኒውትራሉን (ኮረንቲው የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘና "ይኸው፣ ሠራልህ" አለኝ። በእርግጥ አረንጓዴ በራ። ግን የኒውትራል ሽቦው አንድ ቦታ ቢላቀቅ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። በር ለመክፈት እጁን የሰደደ ልጅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቻርጀሩ እምቢ ያለው ሊያድናችሁ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ክፈሉና ሸኙት፤ ኧርዙን በሚያውቅ ሰው በዘንግ አስቀብሩ፣ በመለኪያ አስለኩ።

ስለ ፎርጅዱም ልንገራችሁ። የሞተውን ቻርጀር ኬብል ቆርጬ አየሁት። ላዩ ላይ "6 ሚሊ" ይላል። ውስጡ ያለው ሽቦ ግን ከክር የማይሻል ነው። በቢላ ስፍቀው ቀዩ ቀለም ለቆ ነጭ ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንደ መዳብ ኮረንቲ አይሸከምም፣ ቶሎ ይግላል። ስለዚህ ሽቦ ስትገዙ ጫፉን አስቆርጣችሁ ፍቁት፤ ውስጡም ቀይ መሆን አለበት። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑ። ትክክለኛ መዳብ ይከብዳል። ባለሱቁ "አታበላሽብኝ" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የግድግዳውን ስትገዙም የሚያስከፍል ስህተት አለ። ትልቁን አትግዙ። 11 እና 22 ኪሎዋት እያሉ ያቀርቡላችኋል፤ ዋጋውም እዚያው ይዘላል። እውነተኛው ቻርጀር ያለው መኪናው ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥን ኮረንቲውን የሚፈቅድና የሚከለክል ዘበኛ ነው። እዚህ ከሚገቡት ብዙዎቹ ትንንሽ የቻይና መኪኖች ከ6.6 እስከ 7 ኪሎዋት ብቻ ይቀበላሉ። ቤታችሁም ነጠላ ፌዝ (አንድ የኮረንቲ መስመር ብቻ የገባበት) ከሆነ 22ቱ ምንም አይጨምርላችሁም። በትርፉ ብር ጥሩ ብሬከር ግዙ። 40 አምፔር ብሬከር፣ ኮረንቲ ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ፣ ከቆጣሪው ቀጥታ የመጣ ለብቻው የሆነ መስመር። እነዚህ ላይ አትከራከሩ።

መሰኪያውንም እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ ነው፣ የአውሮፓው ታይፕ 2። ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሰባት ፒን ናቸው። ግን የጂቢቲው ፒን ኬብሉ ላይ ሲሆን የታይፕ 2ቱ መኪናው ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ በፎቶ አይቶ ገዝቶ አስማሚ ለመግዛት ሌላ ብር ወጣበት።

"ቀስ ብሎ ቻርጅ ማድረግ ለባትሪ ይሻላል፣ ስለዚህ ተንቀሳቃሹ ይሻላል" የሚሉ አሉ። 7 ኪሎዋትም ለመኪና ባትሪ ቀስታ ነው። ፈጣን የሚባለው ጣቢያዎቹ ላይ ያለው ነው። በዚያ ላይ ቀርፋፋው ያባክናል። መኪናዋ ቻርጅ ስትደረግ ኮምፒውተሮቿ ነቅተው ይቆያሉ። የቢዋይዲ ዶልፊንን ባለ 44.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ በ10 አምፔር 14 ሰዓት ገደማ፣ በ7 ኪሎዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ኮምፒውተሮቹ 300 ዋት ቢበሉ በአንድ ሌሊት የ3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ልዩነት ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት ሲያልፍ የመጨረሻው፣ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። መኪና ያለው ቤት ቶሎ ይደርስበታል።

ተከራይ ከሆናችሁ ግን ግድግዳ ቦርቡሩ አልላችሁም። ተንቀሳቃሹን ግዙ፤ አምፔሩ ከ8 ጀምሮ የሚስተካከለውን። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ሰማያዊውን የኢንዱስትሪ ሶኬት ለብቻው መስመር አስገጥሙ፤ ስትወጡ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ይህ ካልተቻለ ተራ ሶኬት ላይ ከ10 አምፔር አትለፉ። በኤክስቴንሽን በፍጹም። ክረምት ላይ የተንቀሳቃሹን ሳጥን መሬት ላይ አትተዉት፤ የእኔን የገደለው ደጅ የተኛ ውኃ ነው። ሚስማር ላይ ስቀሉት።

ስለ ባትሪው ብዙ አልልም። ብሌድ የሚባለው የቢዋይዲ ባትሪ በሳምንት አንዴ 100 በመቶ ቢሞላ ደስ ይለዋል፤ የቮልስዋገኑ አይዲ 4 ያላችሁ ለዘወትር 80 ላይ አቁሙ። ብርቱካናማ ኬብል (ከፍተኛ ቮልት የሚሸከመው) ባያችሁበት ቦታ የሰፈር መካኒክ እጁን አያስገባ። የመኪናዋ ሆድ ከመንገድ ጉብታ ጋር ከተጋጨ ሳታስፈትሹ ቻርጅ አታድርጉ።

የትኛውንም ብትገዙ የመጀመሪያው ቀን ማታ አትሰኩት። ቀን፣ ቤት እያላችሁ ሰኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ስፒናውንና ብሬከሩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለብ ቢል ምንም አይደለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ መኪናው ላይ አቁሙት፣ ቀጥሎ ከብሬከሩ አጥፉት፣ ነቅላችሁም ባለሙያ ጥሩ።