የሰርጋችን ፎቶ አንሺ እንዴት ነበር ላላችሁኝ

እሺ ይኸው ጻፍኩት። የቀጣዩ ጥር ሙሽሮች ቀን መያዝ ስለጀመራችሁ መሰለኝ ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ማነው ያነሳችሁ፣ ስንት ከፈላችሁ፣ ትመክሪዋለሽ ወይ" ምትሉኝ በዝታችኋል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቮይስ ከማወራ አንዴ ልናገረውና ልረፍ። ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ምክንያቱም የማመሰግነውም የማማርርበትም አለ፣ ልጁ ደግሞ እንጀራው ነው።

የኛ ሰርግ ጥር 25 ቀን 2017 እሁድ ነበር። የተዋዋልነው ግን በፊቱ ሰኔ ላይ ነው። ጥር ላይ ሰርግ ያለው ሰው ክረምት ሳይገባ ካልያዘ የሚያገኘው የተረፈውን ነው፣ እኛ ራሱ ከመረጥናቸው ሶስት ሰዎች ሁለቱ ቀኑ ተይዞባቸው ነበር። ፓኬጁ ፕሪ ዌዲንግ (ከሰርጉ በፊት የምንነሳው ፎቶ)፣ የሰርጉ ቀን እሱና ረዳቱ፣ አንድ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ መልስ፣ አንድ ትልቅ አልበም፣ ለወላጆች ሁለት ትንንሽ፣ አንድ ፍሬም እና ሶፍት ኮፒ ሲሆን በ110 ሺህ ተስማምተን ግማሹን ከፈልን። ከዛ ሐምሌ ላይ ዶላሩ ለገበያ ተለቀቀና ተወደደ። መስከረም ላይ ደወለና "እህቴ፣ የማንሻዬን ዋጋ አልነካም፣ አልበሙ ግን ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ 18 ሺህ ካልጨመራችሁኝ ከኪሴ ነው ማሳትመው" አለኝ። ባሌ ተናደደ፣ ውል አለን ምናምን አለ፣ እውነቱንም ነው ውል ነበረን። እኔ ደግሞ ሰውየውን አስቀይሜ በሰርጌ ቀን ፊቴ ላይ ካሜራ ይዞ እንዲቆም አልፈልግም። መጨረሻ ላይ ከሁለቱ ትንንሽ አልበም አንዱን ቀንሰን 8 ሺህ ጨመርንለት። ስለዚህ ውል ስትጽፉ የህትመት ዋጋ ቢጨምር ማን እንደሚሸከመው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እኛ አላሰብነውም።

ፕሪ ዌዲንጉን እንጦጦ ነው ያደረግነው። ጠዋት 2 ሰዓት እንገናኝ ብሎን ነበር፣ በሜካፕ ምክንያት 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስን (ጥፋቱ የኔ ነው)። ፀሀዩ አናት ላይ ወጥቷል። ሰማይ ሰማይ አየና "አሁን ካነሳኋችሁ አይናችሁ ስር ጥቁር ጉድጓድ ነው ሚወጣው" ብሎ ባህር ዛፎቹ ስር ይዞን ገባ። እዛም ቢሆን በቅጠሉ መሀል የሚያልፈው ብርሃን ፊት ላይ ነብር ያስመስላል እያለ ጥላው ሙሉ የሆነበት ቦታ እስኪያገኝ አንከራተተን። ባሌ ካሜራ ሲያይ ለፓስፖርት እንደሚነሳ ሰው ነው ሚደርቀው፣ ሳቅ ሲሉት ጥርሱን ብቻ ያሳያል። ሌላ ፎቶ አንሺ ቢሆን "እቀፋት፣ ግንባሯን ሳማት፣ ወደ ላይ እያት" እያለ ሲያስጨንቀው ይውል ነበር። ይሄ ልጅ ምንም አላለም። ስንዘዋወር የቀሚሴ ጠርዝ ጨጎጊት በጨጎጊት ሆኖ ነበርና ባሌ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ፣ እኔም "ኧረ ቶሎ በል" እያልኩት እየሳቅኩ ነው፣ ለካ ልጁ ያንን እያነሳ ነው። መጥሪያው ላይ ያወጣነው እሱን ነው፣ የአክስቴ ልጆች እስካሁን ባሌን ጨጎጊት ነው ሚሉት።

ከዛ ላከን፣ በሉ ብሉና 11 ሰዓት ላይ ተመለሱ ብሎ። ሁሉም ሰው ወርቃማ ብርሃን ምናምን ሲል እሰማለሁ፣ በአይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ባለችው ግማሽ ሰዓት ያነሳው፣ ጠዋት ሙሉ ከለፋበት ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ፎቶ ለመነሳት የሚያስከፍል ቦታ ከመረጣችሁ ክፍያው ፓኬጁ ውስጥ የለበትም፣ ራሳችሁ ናችሁ ምትከፍሉት። ድሮን ይኖር ይሆን ብዬው ነበር፣ "ፈቃድ ሳይኖረኝ አላነሳም፣ ዕቃውም እኔም ነን ምንያዘው" አለ። ሌላ ቦታ ስንጠይቅ "ችግር የለም እናበርራለን" ያሉን ነበሩ፣ እና ይሄኛው ስላልዋሸኝ ደስ አለኝ።

ሌላ የጠየቅኩት ስለ ሚሞሪ ካርድ ነው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ የሌላ ሰው ካርድ ተበላሽቶ የቀለበቱ ፎቶ ጭራሽ የለም፣ አሁንም ስታነሳው ታለቅሳለች። ልጁ ካሜራውን ከፍቶ አሳየኝ፣ ሁለት ካርድ ነው የሚገባበት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጻፋል፣ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ። አንድ ካርድ ብቻ የሚይዙ ጥሩ ካሜራዎችም አሉ፣ ለምሳሌ ካኖን ሲክስ ዲ ምርጥ ፎቶ ነው የሚያወጣው፣ ግን ለሰርግ እኔ ብሆን ልቤ አያርፍም። ስትዋዋሉ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

የሰርጉ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገርጂ እኛ ቤት ደረሱ። 1 ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፋ! ሜካፕ የምትሰራኝ ልጅ ብሩሿን ይዛ ቀረች፣ እናቴ ጄነሬተር ያለው ጎረቤት ፍለጋ በሻሽ ወጣች፣ እኔ ማልቀስ አልችልም ምክንያቱም ግማሽ አይኔ ተሰርቷል። ልጁ ምንም ሳይል ጫማውን አውልቆ ሶፋው ላይ ወጣና መጋረጃውን ከነብረቱ አወረደው፣ ወንበሬን አዙሮ መስኮቱ ጋ አስጠጋው። ሜካፑም እዛው አለቀ፣ የኔ ምርጥ ፎቶም እዛው ተነሳ፣ ግማሽ ፊቴ ብርሃን ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ ከኋላ እህቴ የቬሎዬን ቁልፍ እየቆለፈች። መብራቱ ባይጠፋ ኖሮ ያ ፎቶ አይኖርም ነበር። እና እዚህ ጋ ስለ ረዳቱ ልናገር፣ ሴት ናት። ሙሽሪት ስትለብስ እሱ ከክፍሉ ይወጣል እሷ ትገባለች። እቴቴ (አያቴ ናት) "ወንዱ ወጣ?" ብላ ሁለቴ አረጋግጣ ነው የለቀቀችን።

ሚዜዎቹ ሲመጡ ደግሞ በሩ ተዘጋ፣ ጭፈራው ቀለጠ፣ እንደምታውቁት። ረዳቷን ልጅ ከውስጥ ከኔ ወገን አቆማት፣ እሱ ከውጭ ከባሌ ወገን ሆነ። አልበሙ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አትሞታል፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሆነ ነገር ነው፣ በቀኝ ባሌ ላቡን እየጠረገ አንደኛ ሚዜው ሽቶ ይዞ ሲለማመጥ፣ በግራ የሰፈር እህቶቼ በሩን በትከሻ ሲገፉ፣ እኔ ደግሞ ከኋላቸው አበባዬን ይዤ አንገቴን ሳስግግ። እኔ ውጭ የነበረውን፣ ባሌ ደግሞ ውስጥ የነበረውን ያየነው ከዛ ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ማማርረው። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰው! ፎቶ አንሺው ነው ያመጣው፣ ስለዚህ ተጠያቂው እሱ ነው። ጉልበት ስንስም አባቴ አለቀሰ፣ አባቴ ሲያለቅስ በህይወቴ ሁለተኛዬ ነው ሳየው፣ እና ሰውየው "ይቅርታ ጋሼ፣ መብራቱ አልደረሰም፣ አንዴ ይድገሙልኝ" አይለውም! አባቴም ግራ ገብቶት እንባውን በመሀረብ ጠርጎ እንደገና ተቀመጠ። ፎቶ አንሺው በአይኑ ገላመጠውና "አይደገምም፣ ቀጥሉ" አለ፣ ግን ያቺ ሰዓት ተበላሽታለች። ቪዲዮው ላይ ሙዚቃ ጭነው፣ በስሎው ሞሽን አድርገው፣ የአባቴን ምርቃት ድምጽ አጥፍተውታል። ምርቃቱን! ሰርግ ቪዲዮ የሚያሰራ ሰው ሌላ ለምን እንደሚፈልገው ልጠይቃችሁ። በስንት ልመና ጥሬውን ፋይል አግኝቼ እኔው ቆርጬ አስቀመጥኩት።

አዳራሽ ላይ ያየሁት ሌላ ነገር፣ እነዚህ ልጆች ምግብ አይበሉም። ጠዋት 12 የጀመረ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ አሁንም ቆሟል፣ አስተናጋጆቹ "ለእንግዳ ነው" እያሉ ያልፏቸዋል። እናቴ አይታ "እነሱስ የሰው ልጅ አይደሉም እንዴ!" ብላ ራሷ ሳህን ሞልታ ወሰደችላቸው። ኋላ ፎቶ አንሺው ሲያጫውተኝ "ቁርጡን በሌንስ ነው ምናውቀው" አለኝ። ከእንጦጦ ስንመለስ መኪና ውስጥም ስለ ስራው ብዙ አውርቶኝ ነበር። ጥር ላይ ቅዳሜም እሁድም ሰርግ ነው፣ አንዳንዴ ማክሰኞና ረቡዕ መልስ ይጨመራል፣ ወገቡን በቀበቶ አስሮ ነው ሚሰራው። ሁዳዴ ሲገባ ቀጥ ይላል። ሌላ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ኒካህ ይደግፈዋል፣ በኛ ሰርግ ዓመት (2017) ግን ረመዳንም በዛው ሳምንት ስለሚገባ ሁለቱም በር ሊዘጋበት ነበር፣ ክርስትናና ልደት እያነሳ ፋሲካን ሊጠብቅ። የእህቱን ሰርግ ራሱ ነው ያነሳው፣ እና በአንዱም ፎቶ ላይ እሱ የለም። እናቱ እስካሁን "የት ነበርክ" ትለኛለች ብሎ ሳቀ።

"ሁለቱ ጾም ስለገጠመ የናንተን በሁዳዴ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ" ያለኝም ያኔ ነው። አልጨረሰም። ውሉ ላይ 60 ቀን ነው የሚለው፣ ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሳኤ አለፈ፣ ስደውል "ይሄ ሳምንት"፣ ቴክስት ሳደርግ ሁለት ሰማያዊ ምልክት ብቻ። ሶፍት ኮፒው ግንቦት መጨረሻ፣ አልበሙ ሐምሌ ላይ ነው የደረሰን። መዘግየቱን አልጠላውም ነበር፣ ዝምታው ነው ያናደደኝ። "አልደረሰልኝም፣ ሰኔ ድረስ ስጪኝ" ቢለኝ ምን ነበረበት? (በነገራችን ላይ በቴሌግራም ፎቶ ሲልኩላችሁ እንደ ፋይል ይላኩ በሏቸው፣ ዝም ብሎ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል፣ እኔ መጀመሪያ አይቼ ደብዝዟል ብዬ በከንቱ ተጣልቻለሁ።)

ኤዲቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እሱ መርጦ ይሰጣል፣ ቆዳ የሚያጸዳ ሌላ ልጅ አለው። ብጉሬን አጠፋልኝ፣ እሺ ተመስገን፣ ግን ሁላችንንም አንጥቶናል። እኔ ጠይም ነኝ፣ ባሌ ደግሞ ጥቁር ነው፣ ፎቶው ላይ ግን ሁለታችንም ሻይ በወተት ሆነናል፣ የሀበሻ ቀሚሴ ጥለት ደግሞ ከመንጣቱ የተነሳ ጠፍቷል። ይሄን ስነግረው ወዲያው ገባው፣ አስተካክሎ መለሰልኝ።

እቴቴ ግን የባሰ ነው የሆነባት። እቴቴ ለሰርጌ ከደብረ ታቦር ነው የመጣችው፣ አንገቷ ላይ ሶስት ረድፍ ንቅሳት አላት፣ መንጋጭላዋ ላይም፣ ግንባሯ ላይ መስቀል። ልጅ ሆኜ እቅፏ ውስጥ ሆኜ በጣቴ ስከተለው ነው ያደግኩት። ጉልበቷን ስስም ያነሳኝ ፎቶ አለ፣ እሱ ራሱ መሬት ላይ በአንድ ክንዱ ተኝቶ ነው ያነሳው፣ እጇ ጸጉሬ ላይ ነው፣ ቀና ብላ እየመረቀችኝ አንገቷ ሙሉ ይታያል። የመጣልን ፎቶ ላይ አንገቷ ባዶ! ለስላሳ፣ እንደ ሰላሳ አመት ሴት። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ እድፍ ወይ ጥላ መስሎት ጠርጎታል። ለእቴቴ በስልክ አሳየኋት፣ ስልኩን አራቀች፣ አቀረበች፣ መነጽሯን አወረደች፣ "ይቺ ማናት? እጇስ የኔ ነው" አለች።

ማታውኑ ለፎቶ አንሺው ደወልኩለት፣ ያን ቀን ስልኩን አነሳ። ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "እኔ ሳላየው ነው የወጣው፣ እናቴም ተነቅሳለች" አለ። በማግስቱ ንቅሳቱ ተመልሶ፣ መስቀሉም ተመልሶ፣ የመንጋጭላዋም አንድ ሳይቀር፣ ሳይጠየቅ ደግሞ በትልቁ አትሞ ቤታችን ድረስ አመጣው፣ ብር አልተቀበለም። እቴቴ ምን ሆኖ እንደነበር አልነገርናትም፣ "አሁን እኔን መሰልኩ፣ ተባረክ ልጄ" ብላ ግንባሩን ሳመችው።

ስለዚህ ትመክሪዋለሽ ወይ ላላችሁኝ፣ ለፎቶው አዎ፣ ያለምንም ማመንታት። ለቪዲዮ ሌላ ሰው ያዙ፣ ወይ እሱን ከያዛችሁ ያ ሰውዬ እንዳይመጣ በጽሁፍ አስገቡ። ቀሪውን ክፍያ አልበሙ እጃችሁ እስኪገባ አትጨርሱ፣ እኛ በሰርጉ ማግስት ጨርሰን ነው የተቀጣነው። የአያቶቻችሁን ፎቶ "ቆዳ እንዳይነካ" በሏቸው። ተክሊል የምትፈጽሙ ደግሞ ቀደም ብሎ ካህናቱን ሄዶ እንዲያናግር አድርጉት፣ የት ድረስ መቆም እንደሚችል፣ ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ፣ በዕለቱ ቅዳሴ መሀል መከራከር ያስጠላል። መልሱ ላይ ካባ ለብሰን የተነሳነውን ረዳቷ ልጅ ብቻዋን ነው ያነሳችው፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ ከሱ ትበልጣለች፣ በቅርቡ ለብቻዋ ትወጣለች ብዬ እጠብቃለሁ። የሁለቱንም ስልክ ለሚፈልግ በውስጥ እሰጣለሁ፣ እሱ ግን ጥር ላይ ሁለት እሁድ ብቻ ነው የቀረው ብሎኛል፣ ስትደውሉ ካላነሳ ለእሷ ደውሉላት፣ እሷ ታነሳለች።